ዛንዚባር ላይ የትኛውን መኪና እንከራይ ላላችሁት

እህቴ፣ ጥያቄሽ ከሐዋሳ ተነስታችሁ ከባለቤትሽና ከሁለት ልጆች ጋር ለ8 ቀን ዛንዚባር ልትሄዱ ስለሆነ ትልቅ ፎር ዊል እንከራይ ወይስ ቪትዝ ይበቃናል ነው። ሁለቱም ይቅሩባችሁ። ለእናንተ የሚሆነው አነስ ያለ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ኦቶማቲክ ነው። እዚያ በብዛት ከሚከራዩት ውስጥ ሱዙኪ ኤስኩዶ ወይም አጭሯ ራቭ ፎር ልክ ናቸው።

ደሴቱ ከጫፍ ጫፍ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከድንጋይ ከተማ (ስቶን ታውን የሚሉት አሮጌው ከተማ ነው) በምሥራቅ ዳርቻ እስካለችው የፓጄ መንደር 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ማለትም ከሐዋሳ ሻሸመኔ ደርሶ መልስ ያህል ነው። ዋና ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፤ ዳገትም የለው። ፎር ዊል የሚያስፈልግበት ቦታ ስለሌለ ለሱ ተጨማሪ አትክፈሉ። አስቸጋሪው ከአስፋልት ወርዳችሁ የሆቴሉ በር እስክትደርሱ ያለው የመጨረሻው አንድና ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። መሬቱ የጥንት ኮራል ድንጋይ ነው፣ ጫፉ ስለት አለው፤ የጎማን ጎን ይሰነጥቃል፤ ዝቅ ያለ መኪና ሆዱን ይመታል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ከባድ ዝናብ ደግሞ ጉድጓዱ ውሃ ስለሚይዝ ጥልቀቱ አይታይም። ላንድክሩዘር ይህን ያልፋል፣ ግን በመንደሩ ጠባብ መንገድ ሌላ መኪና ሲመጣባችሁ መተላለፊያ ታጣላችሁ።

ኦቶማቲክ ያልኩት ለምቾት አይደለም። ዛንዚባር የሚነዳው በግራ ነው፣ መሪው በቀኝ ነው። ማኑዋል ከሆነ ማርሽ የምትቀይሩት በግራ እጅ ነው፤ አደባባይ ላይ አእምሮ ማርሽ ሲፈልግ መንገዱን ይረሳል። ፔዳሎቹ ግን እንደኛው ናቸው፤ ነዳጅ በቀኝ፣ ፍሬን ከሱ በስተግራ። መኪኖቹ ከጃፓን ያገለገሉ ስለሆኑ ፍሬቻው ከመሪው በስተቀኝ፣ የዝናብ መጥረጊያው በስተግራ ነው። ስለዚህ ለመታጠፍ ስታስቡ ጠራራ ፀሐይ ላይ መጥረጊያው መስታወቱን ማሸት ይጀምራል። አትደንግጡ፤ ዋናው ነገር ፍሬቻ አለመብራቱን ማወቅ ነው፤ ከኋላ ያለው ሰው እንደምትታጠፉ አላወቀም።

አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ ሾፌሩ ምንጊዜም በመንገዱ መሐል በኩል ነው የሚቀመጠው። እዚህም እንደዚያ ነው፣ እዚያም። ከመሐሉ መስመር ርቃችሁ ወደ ጠርዝ ከተቀመጣችሁ በተሳሳተው በኩል ናችሁ ማለት ነው። አደባባይ ላይ የምትዞሩት በሰዓት አቅጣጫ ሲሆን ቅድሚያ የምትሰጡት ከቀኝ ለሚመጣው ነው። ወደ ግራ መታጠፍ ቀላሉ ነው፤ ወደ ቀኝ መታጠፍ ግን የሚመጣውን መኪና ያቋርጣል። ስህተት የሚበዛው ሰው መንዳቱን ለምዶት ሳለ፣ ጠዋት ባዶ መንገድ ላይ ወይም ከነዳጅ ማደያ ሲወጣ ነው፤ የሚከተለው መኪና ስለሌለ እጁ ወደለመደው ቀኝ ይሄዳል። ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ከየማደያው ሲወጡ "ግራ" ይበል። ማታ ባትነዱ እመርጣለሁ፤ መብራት የሌለው ብስክሌትና እግረኛ ብዙ ነው።

ወረቀቱ ላይ ጠንቀቅ በሉ። የራሳችሁ መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ የዛንዚባር ጊዜያዊ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፖሊስ በየኬላው ይጠይቃል። አከራዩ ያወጣላችኋል፤ የመንጃ ፈቃዳችሁን ፎቶ ቀድማችሁ ላኩለት፣ ዋናውንም ይዛችሁ ሂዱ። የሚያበቃበት ቀን በእኛ አቆጣጠር ብቻ ተጽፎ ከሆነ ከዓመታት በፊት ያለፈበት ይመስላቸዋል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ። ለጎብኚ ግዴታ የሆነው የ44 ዶላር የጉዞ ኢንሹራንስ መኪናውን አይመለከትም። ለመኪናው ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው ወይስ ሙሉ ብላችሁ ጠይቁ፤ ሙሉ ከሆነ ጉዳት ሲደርስ ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከራሳችሁ ኪስ የሚወጣው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይስጧችሁ። ጎማ፣ መስታወትና የመኪናው ሆድ አብዛኛውን ጊዜ ከሽፋኑ ውጪ ናቸው፤ ኮራሉ የሚጎዳውም እነሱን ነው። ፓስፖርት በመያዣነት አትስጡ፤ ኮፒ ይበቃል። ማስያዣ ገንዘብ ከተቀበሏችሁ ደረሰኙ ላይ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚመለስ ይጻፍ።

መኪናውን ስትረከቡ ግማሽ ሰዓት ስጡት። ዙሪያውን በስልክ ቪዲዮ አንሱ፤ ጎንበስ ብላችሁ ፓራውልቱን ከሥር፣ ቸርኬዎቹንም ጨምሩ። ጎማው ጎን ላይ DOT ከሚለው ቀጥሎ ካለው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹን 4 ቁጥሮች አንብቡ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ደህና ቢመስልም የጎማው ጎን በጨውና በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ይቀይሩላችሁ። ትርፍ ጎማው ነፋስ እንዳለው በእጅ ጫኑት፤ ክሪኩና የጎማ መፍቻው መኖሩን ብቻ ሳይሆን መፍቻው ብሎኑ ላይ መግጠሙን ሞክሩ፤ አልገጠመም ማለት ትርፍ ጎማ የለም ማለት ነው። ሦስት ማዕዘን ምልክቱንና እሳት ማጥፊያውን ፖሊስ ሊጠይቅ ይችላል። ኤሲውን ሞተር እንደበራ ቆማችሁ 10 ደቂቃ አስነሱት፤ ስትሄዱ ብቻ የሚያቀዘቅዝ ከሆነ ከልጆች ጋር በከተማ ትራፊክ ትቃጠላላችሁ። በዚያው የሙቀት መጠን ጠቋሚው ከመሐል እንዳይወጣ እዩ። የልጅ ወንበር ብዙዎቹ ጋ የለም፤ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ፣ ከሌለ ከዚሁ ያዙ።

8ቱንም ቀን አትከራዩ። የድንጋይ ከተማ ውስጡ መኪና የማይገባበት ጠባብ መንገድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በእግር፣ ከአየር ማረፊያ በታክሲ። መኪናው ለ3 ወይም ለ4 ቀን፣ ጆዛኒ ደን፣ ፓጄና በሰሜን ጫፍ ያለችው ኑንግዊ ላይ ስትዞሩ ይበቃል። ነዳጅ ከተማው ላይ ሞልታችሁ ውጡ፤ በዳርቻው ማደያ ጥቂት ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ፓጄ ላይ አሸዋው ጠንካራ መንገድ ይመስላል፤ በፍጹም አትውረዱበት፤ ከላይ ደርቆ ከሥር ውሃ የጠጣ ነው፣ ጎማው አንዴ ከሰጠመ ባሕሩ ሳይመለስ ማውጣት ያስቸግራል፤ ሽፋንም የለው።

ርክክቡን ስትቀጥሩ ሰዓቱን አጣሩ። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ነው፤ "ሳ ታቱ" ቢላችሁ የጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ በእንግሊዝኛ ካወራችሁ ግን 9 ይላችኋል። የጊዜ ቀጠናውም አንድ ነው። መልሳችሁ የምታስረክቡትን ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ውሉ ላይ አጽፉት።