ጾመኛው ቬጋን ነውን? ስለ ሶሺዮሎጂ አጠናን የተሰጠ መልስ

ውድ ጠያቂ፣ ሶሺዮሎጂስቶች ቬጋኒዝምን፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ለእንስሳት በማሰብ ሥጋን፣ ወተትን፣ እንቁላልንና ሌላውንም ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ሁሉ መተውን፣ እንዴት እንደሚያጠኑትና እዚህ ጎንደር ዐቢይ ጾምን የሚጾም ሰው ቬጋን ሊባል ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል። ሁለቱ ጥያቄዎች ይገናኛሉ፤ ሶሺዮሎጂ የሚመረምረው ሰው ምን እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን፣ ከማን ጋርና በምን ትርጉም እንደሚበላው ጭምር ነውና።

ከጥናቶቹ ሁሉ እኔ አብልጬ የማከብረው የሶሺዮሎጂስቷን የኤልዛቤት ቼሪን ጥናት ነው። እርሷ በአሜሪካ የፐንክ ሙዚቃ ማኅበረሰብ አባል የሆኑና ያልሆኑ ቬጋኖችን በቃለ መጠይቅ አነጻጽራ፣ ሰውን በአመጋገቡ የሚያጸናው የግል ቁርጠኝነቱ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው የወዳጆች መረብ መሆኑን አሳይታለች። ሶሺዮሎጂስቶቹ ማቲው ኮልና ካረን ሞርጋን ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጡ የብሪታንያ ጋዜጦችን ይዘት መርምረው፣ ቬጋኒዝምን ከሚያነሡት ጽሑፎች 74 በመቶ ያህሉ አሉታዊ መሆናቸውን በ2011 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

ጾመኛው ለ55 ቀናት ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይታቀባል፤ ይሁን እንጂ የሚጾመው ለንስሐና ለጸሎት ነው፣ ለፋሲካም ዶሮ ያርዳል። ስለዚህ ገበታው ቢመሳሰልም ትርጉሙ ይለያያል፤ በእኔ እምነት ቬጋን መባል የለበትም። የቼሪ ግኝት ግን ለእኛም ይሠራል፤ ጾሙን የሚያቀልለው ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱና ምግብ ቤቱ አብረው መጾማቸው ነው።

ጥናት ለመጀመር ካሰቡ በዓለ ሃምሳን እንዲመርጡ እመክራለሁ፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምባቸው በእነዚያ ቀናት ሥጋ የማይበላ ሰው በዘመዶቹ ገበታ ላይ ምን እንደሚባልና ምን ብሎ እንደሚመልስ በግልጽ ይታያል።