ስኳር ያለበት ሰው መገጣጠሚያው ሲያመው ምን ይብላ? ጠይቁኝ

ሲስተር፦ ሰላም የጎንደር ልጆች። የስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ዛሬ ማታ ስለ ምግብና ስለ መገጣጠሚያ ሕመም እመልሳለሁ። መድኃኒት አላዝም። የቱ መገጣጠሚያ እንደሚያማችሁ፣ ስኳራችሁ ስንት እንደሆነና የምትወስዱትን መድኃኒት ጻፉ።

ከአዘዞ፦ ሲስተር፣ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ስኳሯ ዓይነት 2 ነው፣ ግሊቤንክላሚድ የሚባል የስኳር ክኒን ትወስዳለች። ጠዋት 190 አካባቢ ነው። ደረጃ ስትወርድ ሁለቱም ጉልበቶቿ ያሟታል። ክብደትም አላት።

ሲስተር፦ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ደስ ይላል። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳ ሽፋን አንዴ ካለቀ መልሶ የሚያበቅለው ምግብ የለም። ክብደት መቀነስ ግን በጣም ይረዳል። 1 ኪሎ ስትቀንስ በየእርምጃው ጉልበቷ ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ገደማ ይቀልላል። ስኳሯም አብሮ ይሻሻላል።
እንጀራ አትከልክሏት። ከሳህኑ ግማሹ ጎመን፣ ፎሶሊያ ወይም ጥቅል ጎመን ይሁን። ሩቡ ምስር፣ ሽምብራ ወይም የጎርጎራ ዓሣ፣ ያልተጠበሰ። እንጀራው የቀረው ሩብ ነው። ድንች ወጥ በእንጀራ ግን ስታርች (ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጥ) በስታርች ነው። ዘይቱ ላዩ ላይ የሚንሳፈፍ ሽሮም ክብደት አያስቀንስም።
አንድ ነገር አደራ። ግሊቤንክላሚድ እየወሰደች ምግቧን በአንዴ ከቀነሳችሁባት ስኳሯ ከመጠን በላይ ይወርዳል። አስቀድማችሁ ለሐኪሟ ንገሩ። ለጉልበቷ ብላችሁም ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ከፋርማሲ እየገዛችሁ አትስጧት። ኩላሊት ይጎዳል።

ከፒያሳ፦ ነጭ ጤፍ ይሻላል ቀይ?

ሲስተር፦ መጠኑን ቀንሱ። ቀጣይ።

ከማራኪ፦ እኔ ጠዋት ጠዋት እርድ በማር እወስዳለሁ። ለጉልበት ጥሩ ነው ብለውኝ ነው።

ሲስተር፦ ማር ስኳር ነው። እርዱን ወጥ ውስጥ ይጨምሩት።

ከደምቢያ፦ ይቅርታ ሲስተር፣ ንጹሕ የገጠር ማር ከሱቅ ስኳር ጋር አንድ ነው እንዴ? አባቶቻችን መድኃኒት ነው ብለው ነው የበሉት።

ከአዘዞ፦ አባቶቻችን ቀኑን ሙሉ ሲያርሱ ይውሉ ነበር። እኛ ተቀምጠን ነው የምንውለው።

ከደምቢያ፦ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኔ ያልኩት ስለ ማሩ ነው።

ሲስተር፦ መለኪያ ያለው ሰው ማሩን በልቶ ከ2 ሰዓት በኋላ ይለካ። ክርክሩ እዚያ ያልቃል።

ከአራዳ፦ የእግሬ አውራ ጣት ሌሊት በድንገት ቀልቶ ያብጣል። አንሶላ ሲነካው እንኳ አልችልም። ዱለትና ቢራ እወዳለሁ። ስኳሬ 160 ነው፣ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። ሽሮ አቁም ብለውኛል።

ሲስተር፦ ሽሮውን ማን አቁም አለህ ወንድሜ? ይህ ነገር ሁሌ ያንገበግበኛል። ምልክትህ ሪህ ይመስላል፤ የዩሪክ አሲድ ምርመራ አድርግ። ሪህ የሚቀሰቅሱት ዱለት፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ቢራ፣ ጠላና ለስላሳ መጠጥ ናቸው። ምስር፣ አተርና ባቄላ እንደ ሥጋ ሪህ አያባብሱም። ጥራጥሬ ቶሎ ስኳር አያስወጣም፣ ያጠግባል፣ ዋጋውም ይቻላል። ሰው ሽሮውን ትቶ በነጭ ዳቦ ሲተካው ስኳሩ ይወጣል። ሽሮህን ብላ፣ ዱለቱንና ቢራውን ተው። ዲክሎፌናክ በራስህ አትጀምር፣ ደግሜ እላለሁ።

ከደምቢያ፦ ሽሮው ጓያ ካለበትስ?

ሲስተር፦ ጓያ ሌላ ነው። ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለው። በችግር ጊዜ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል። ያ የመገጣጠሚያ ሕመም አይደለም።

ከማራኪ፦ ዘፍዝፎ ውኃውን ከደፉት ምንም አያደርግም ይባላል።

ሲስተር፦ መርዙ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ሽሮ የምትገዙ ከምን እንደተፈጨ ጠይቁ።

ከአዲስ ዓለም፦ ለቁርጥማት ምን ይበላል?

ሲስተር፦ የቱ መገጣጠሚያ? ስኳርዎ ስንት ነው? መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን ያንብቡ።

ከፒያሳ፦ ዲክሎፌናክ ካልሆነ አይቡፕሮፌንስ?

ሲስተር፦ ያው ነው። ኩላሊት!

ከአዘዞ፦ ሌላ ጥያቄ ሲስተር። አጎቴ ስኳር ካለበት 15 ዓመት ሆኖታል። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ይሞቃል፣ ግን ብዙም አያመውም። ምን ይብላ?

ሲስተር፦ ይህ የምግብ ጥያቄ አይደለም። ስኳር ነርቭ ሲጎዳ አጥንት ተሰብሮ እንኳ ላያም ይችላል። እግሩ ከዚያ በኋላ ቅርጹን ያጣል። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ውሰዱት። በባጃጅ እንጂ በእግሩ እንዳይሄድ። እስከዚያ እግሩን አያቁምበት፣ አትሹት፣ በሙቅ ውኃ አትዘፍዝፉት። ሐኪሙ ያለውን ጻፍልኝ።