እናቷን ይዛ ሞምባሳና ማሊንዲ ልትሄድ ላሰበችው እህት

እህቴ፣ «ናይሮቢ ነው የምኖረው፣ እናቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ ሞምባሳና ማሊንዲ ያሉትን የታሪክ ቦታዎች ላሳያት ነው፣ ምን ልጠንቀቅ?» ብለሻል። እኔም እናቴን ይዤ ሄጄበታለሁ። ስለ ሆቴሉና ስለ ባሕሩ ሌሎቹ ጽፈውልሻል፣ አልደግመውም።

1. የባቡር ቲኬት ቀድመሽ ቁረጪ፣ የእናትሽ ስም ልክ ፓስፖርታቸው ላይ እንዳለው ይግባ። ናይሮቢ የምትሳፈሩበት ጣቢያ ሲዮኪማው ነው፤ መነሻው ሰዓት ሳይደርስ በደንብ ቀደም በሉ፣ ፍተሻው ረጅም ነው። ሻንጣ ሁሉ መሬት ላይ ይደረደርና ውሻ ያሸተዋል። እናቴ ሞምባሳ ላለ ዘመድ በርበሬ ይዛ ኖሮ ውሻው እሷ ሻንጣ ላይ ሲደርስ አስነጠሰው። ፖሊሱ ሳይቀር ሳቀ።

2. ክፍያ። ዋናው ይሄ ነው። የመንግሥት ሙዚየሞቹ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ በኢሲቲዝን (የኬንያ መንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት) ገብተሽ በኤምፔሳ (በስልክ ገንዘብ መክፈያው) ነው የምትከፍዪው፣ ስለዚህ ስልክሽ ላይ ብር ይኑር። ዋጋው ለዜጋ፣ ለነዋሪና ለውጭ ሰው ይለያያል። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች «ጎረቤት ነን» ብሎ ነገር አይሠራም፣ እናትሽ የውጭውን ይከፍላሉ። አንቺ ግን የነዋሪነት ካርድሽን ያዢ፣ ኮፒውን ሳይሆን ራሱን።

እኔ ይዤ ነበር። የት እንደሆነ አልጠራም፤ መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ካርዱን ሳትነካው «የውጭ ሰው ነህ» አለችኝ። የዋጋው ሰሌዳ ከራሷ በላይ ተለጥፏል። «ነዋሪ» የሚለውን በጣቴ ሳሳያት ወደ ስልኳ ዞረች። እናቴ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ይኼኔ አንዱ ጠጋ ብሎ «ካሹን ለእኔ ስጠኝ፣ በስልኬ በዜጋ ዋጋ ልቁረጥላችሁ» አይለኝም? እንዳትሞክሪው! ከፊታችን የነበሩ ባልና ሚስት አምነውት በሩ ላይ መታወቂያ ተጠይቀው ተመለሱ፣ ሰውዬው በዚያው ጠፍቷል። እኔ ግን «ኃላፊ ይጠራልኝ» ብዬ ንቅንቅ አልልም አልኩ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል፣ ያጉረምርም። ኃላፊው መጣ፣ ካርዱን አገላብጦ አየና በስዋሂሊ አንድ ነገር አላት፤ በነዋሪ ዋጋ ቆረጠችልኝ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። እናቴ «ለዚህች ብለህ ነው ሰው ፊት የምትሟገተው?» ብላ ተቆጣችኝ። ዛሬ ለዘመድ አዝማድ እያጋነነች የምታወራው ግን እሷው ናት።

ተራ ቁጥሩ እዚህ ጋ ተበላሸብኝ፣ ዝም ብዬ ልቀጥል። ሞምባሳ ያለውን ፎርት ጂሰስን በጠዋት ግቡ፣ ከረፋዱ በኋላ ሙቀቱ ለትልቅ ሰው አይሆንም። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 የገነቡት ምሽግ ነው (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)፤ ኦማኖች በ1696 ከበውት በ1698 ያዙት፣ እንግሊዞች ደግሞ እስር ቤት አደረጉት። በር ላይ አስጎብኚዎች ይከቡሻል። ዋጋ ሳትቆርጪ «እሺ» እንዳትዪ፣ ሲጨርሱ ሌላ ሰው ነው የሚሆኑት።

ማሊንዲ ያለው የቫስኮ ዳ ጋማ ምሰሶ ለብቻው ሲታይ መስቀል ያለበት ነጭ ድንጋይ ነው፣ እናቴም «ለዚህ ነው የመጣነው?» ብላኛለች። ሰውዬው እዚያ የደረሰው በ1498 ነው። ልጁ ክሪስቶፎር ግን በ1541 400 ወታደር ይዞ በምፅዋ በኩል የገባውና በዓመቱ በግራኝ ጦር ተማርኮ የተገደለው ነው። ይህን ስነግራት ተመልሳ ሄዳ ዞራ አየችው። አስጎብኚ አይነግርሽም፣ አንቺ ንገሪያቸው።

ጌዲን ግን እንዳትዘዪው፣ ለእኔ ከሁሉም እሱ ይበልጣል። ከማሊንዲ ወደ ደቡብ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኮራል ድንጋይ የተሠራ የስዋሂሊ ከተማ ጫካ ውስጥ ቀርቶ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ መስጊዱ፣ የውኃ ጉድጓዱ ሁሉ አለ፤ የቻይና ሸክላ ሳይቀር ተቆፍሮ ወጥቶበታል። ዩኔስኮ የመዘገበው በ2024 ነው። ሙዝ በእጃችሁ አትያዙ፣ ጦጣዎቹ ይነጥቃሉ። መሬቱ ሥር የበዛበት ስለሆነ እናትሽ ነጠላ ጫማ አያድርጉ።

ጾም ላይ ከዋለባችሁ ጠዋት ጠዋት ምባዚ ጠይቂ፣ በኮኮናት የተሠራ የእርግብ አተር ነው። አብሮት የሚመጣው ማሃምሪ (በዘይት የተጠበሰ ሊጥ) አንዳንዱ ጋ ወተት አይጠፋውም፣ ሳይጠይቁ እንዳይበሉ።