«ዲስክ ነው» ተብዬ ወገቤ ሊከፈት ነው

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፦

የምጽፍልዎ ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው። ከቀኝ መቀመጫዬ ተነሥቶ በጭኔ ጀርባ እስከ ባቴ የሚወርድ ሕመም ይነዝረኛል። የባንክ ካሸር ስለሆንሁ ሁሉም «መቀመጥ ያመጣው ነው» ይለኛል፤ ባለቤቴ ሥራ ለመሸሽ የማደርገው ይመስለዋል፤ አለቃዬም ወር እየጠበቅሁ የሕመም ፈቃድ የምጠይቅ መሆኔን በሰው ፊት ተናግሮ አሸማቆኛል። በእርግጥ የወር አበባዬ ሲቃረብ ይብስብኛል፤ ግን ያን ጊዜ የማያማት ሴት የት አለች? ለሐኪም የሚነገር ስላልመሰለኝ አልጠቀስሁትም። ፊዚዮቴራፒውንም፣ መርፌውንም፣ ጠበሉንም ሞክሬአለሁ። በመጨረሻ በወገብ ኤምአርአይ «ዲስክሽ አብጦ ነርቭ ነክቷል» ተባልሁ። ወንድሜ ለኦፕራሲዮኑ ገንዘብ ልኮልኛል፣ ቀጠሮውም ደርሷል፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም። ልፈርም ወይስ ልቅር?

መልስ፦

እህቴ፣ ሐኪሞችሽ ያላዩትን አለቃሽ ሳያውቀው አይቶታል፤ ሕመምሽ ወር ጠብቆ ይመጣል። ያበጠ ዲስክ ግን የወር አበባ ቀን አይቆጥርም። ይህን ለሐኪም አለመንገርሽ አናዶኛል፤ የጠየቀሽ አለመኖሩ ደግሞ ይበልጥ አናዶኛል።

ኢንዶሜትሪዮሲስ በሚባለው ሕመም የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ ይበቅልና በየወሩ ከሆርሞን ጋር ይቆጣል። አልፎ አልፎ ከወገብ ተነሥቶ በዳሌ ውስጥ በማለፍ በጭን ጀርባ ወደ እግር በሚወርደው የሳያቲክ ነርቭ ላይ ያርፋል፤ ይህም የሚበዛው በቀኝ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የታተመ የሕክምና ጽሑፍ ስለሚገልጸው አዲስ ግኝት አይደለም። የወገብ ኤምአርአይ ግን አከርካሪውን እንጂ ነርቩ በዳሌ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ አያሳይም። የዲስክሽ ማበጥም ብቻውን አያሳምነኝም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ምንም ከማያማቸው የ30 ዓመት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ያበጠ ዲስክ እንደሚታይባቸው አስፍሯል።

ስለዚህ ይህ ሳይጣራ አትፈርሚ። ሕመሙ የጀመረበትንና የለቀቀበትን ቀን ከወር አበባሽ ቀን ጎን ጽፈሽ ለማሕፀንና ጽንስ ሐኪም አሳዪ፤ የሳያቲክ ነርቩን የተከተለ የዳሌ ኤምአርአይ እንዲታዘዝልሽ ጠይቂ፤ ምን እንደተጠረጠረም በማዘዣው ላይ ይጻፍ፣ አለዚያ ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ሊያልፈው ይችላል። እኔ ሐኪም ስላልሆንሁ ልሳሳት እችላለሁ፤ በመቀመጫ ውስጥ ያለው ፒሪፎርሚስ የሚባል ጡንቻም ያንኑ ነርቭ ሊጫን ይችላልና፤ እርሱም ቢሆን በወገብ ኦፕራሲዮን አይድንም። ሆኖም ነገሩን አታዘግዪው፤ ለረጅም ጊዜ የተጎዳ ነርቭ ላያገግም ይችላል። እግርሽን ማንሣት ካቃተሽ ወይም ሽንትሽን መቆጣጠር ከተሳነሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂጂ። የወንድምሽንም ገንዘብ አትመልሺ፣ ለዳሌው ኤምአርአይ ያስፈልግሻል።