ቺፑን ከመለወጥህ በፊት ጥቅሉንና ዳዮዱን መርምር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን እንደተረዳሁት ከ12 ቮልት የፀሐይ ኃይል ባትሪ በኤልኤም2596 ሞጁል (ቮልቴጅ ዝቅ በሚያደርግ ትንሽ ሰሌዳ) 5 ቮልት እያወጣህ ስልክ ትሞላለህ። አንድ ስልክ ሲሰካ ደህና ነው፤ ሦስት ሲሰካ ግን ቮልቴጁ ወደ 4 ይወርዳል፣ ሞጁሉ ያፏጫል፣ ቺፑም ጣት አያስነካም። ቺፑን ብትለውጠውም አልተሻለውም። እኔ ጅማ ውስጥ ጥገና እሠራለሁ፤ ከሰቃና ከጎማ ገጠር ከሚመጡልኝ ሳጥኖች ብዙዎቹ ይኸው ችግር አለባቸው።

ፉጨቱን አትናቀው። ይህ ቺፕ በሴኮንድ 150 ሺህ ጊዜ የሚከፍትና የሚዘጋ ነው፤ ያን የሰው ጆሮ አይሰማውም። የሚሰማ ድምፅ ካለ ቺፑ ከመደበኛ ምቱ ወጥቷል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የከረንት ገደቡ ላይ ደርሶ ራሱን ለማዳን ምቱን ስለሚቀንስ ነው። ስለዚህ ወደ ገደቡ የገፋውን ነገር ፈልግ።

መጀመሪያ ጥቅሉን፣ ማለትም በብረት ዙሪያ የተጠመጠመውን ሽቦ (ኢንዳክተሩን) እይ። በላዩ 330 ተጽፎ ከሆነ 330 ሳይሆን 33 ማይክሮ ሄንሪ (የጥቅል መለኪያ) ነው። ከ12 ወደ 5 ቮልት ስትወርድ በ150 ኪሎ ኸርዝ በዚህ ጥቅል ውስጥ ከረንቱ በ0.6 አምፔር ያህል ይዋዥቃል፤ 2 አምፔር ስትወስድ ጫፉ 2.3 ገደማ ነው። ይህ ጤናማ ነው። ነገር ግን ገበያው ላይ ስሙን ብቻ የያዙ፣ ምታቸው 50 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ የሆነ ቺፖች ሞልተዋል። በእነዚህ ላይ ውዥዋዡ ወደ 1.8፣ ጫፉም ወደ 2.9 አምፔር ይወጣል። ትንሹ ጥቅል በዚህ ጊዜ ይሞላል፤ ብረቱ ተጨማሪ መግነጢስ መያዝ ሲያቅተው ከረንቱ ያለ ልጓም ይሮጣል። አንተም አዲስ ቺፕ ስትገዛ ከዚያው ዓይነት ገዝተህ ሊሆን ይችላል።

ምቱን የቺፑ ሁለተኛው እግር ላይ ለካ። መልቲሜትርህ ኸርዝ የማይለካ ከሆነ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የሚማር ወዳጅ ካለህ በኦሲሎስኮፕ (ምቱን በስክሪን በሚያሳይ መሣሪያ) እንዲያሳይህ ለምነው። 50 ኪሎ ኸርዝ ካገኘህ ጥቅሉን በ100 ማይክሮ ሄንሪ፣ ሳይሞላ 4 አምፔር በሚችል ለውጥ፤ ውዥዋዡ ወደ 0.6 ይመለሳል።

ቀጥሎ ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዳዮዱ። 1ኤን4007 የተበየደባቸው ሞጁሎች እጄ ገብተዋል፤ ይህ እጅግ ያናድደኛል። 1ኤን4007 ለ50 ኸርዝ መብራት የተሠራ፣ 1 አምፔር ብቻ የሚችል ዳዮድ ነው። ለመዝጋት ጥቂት ማይክሮ ሴኮንዶች ይፈልጋል፤ የቺፑ ሙሉ ዙር ግን 6.7 ማይክሮ ሴኮንድ ብቻ ነው። ሾትኪ የሚባለውን ፈጣን ዳዮድ፣ ለምሳሌ 1ኤን5822፣ አድርግበት።

ሽቦህንም ለካ፤ አንዱን ልኬት ሞጁሉ ላይ፣ ሌላውን ስልኩ ጋ ውሰድ። 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ሽቦ በ3 ሜትር ርቀት፣ ደርሶ መልሱ ተቆጥሮ፣ በ2 አምፔር 0.4 ቮልት ያህል ይበላል። የመግቢያው ካፓሲተር ከቺፑ አጠገብ ይሁን።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ 10 ዋት ስታወጣ ወደ 2.5 ዋት ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ በታሸገ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ያ ሙቀት መውጫ የለውም።

አንድ ያልጠየቅከው ነገር አለ፤ ዝም ብዬ ግን ማለፍ አልችልም። ቮልቴጅ የምታስተካክልባት ትንሿ ብሎን በክረምት እርጥበት ከዛገችና ንክኪዋ ከተቋረጠ፣ ቺፑ ውጤቱን ማየት ስለማይችል የባትሪውን ቮልቴጅ ሊደርስ እስኪቃረብ ድረስ ወደ ስልኮቹ ይለቃል። የሰው ስልክ ነው የምትሞላው። አውጣትና በቋሚ ሬዚስተሮች ተካ፤ ከመመለሻው እግር (ቺፑ ውጤቱን ከሚያይበት) ወደ መሬት 1 ኪሎ ኦም፣ ከውጤቱ ወደ መመለሻው እግር 3 ኪሎ ኦምና 100 ኦም በተከታታይ። የቺፑ መነሻ ቮልቴጅ 1.23 በ4.1 (1 ሲደመር 3.1) ሲባዛ 5.04 ቮልት ይሰጥሃል።

የለካኸውን ምትና የጥቅሉ ጽሑፍ የሚነበብበት ፎቶ ላክልን፤ ከዚያ ስለ ካፓሲተሩ እንነጋገራለን።