አስማቱ የማይችለውን ፈልጉ

ውድ ወጣቶች፣

አዲስ የፋንታሲ መጽሐፍ ሲወጣ የምትሆኑትን አያለሁ። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ ይረሳል። አንዱ ቀድሞ ከጨረሰ ሌላው «እንዳትነግረኝ!» ብሎ ጆሮውን ይይዛል። ዕድሜዬን በአርታኢነት የገፋሁ ሰው ነኝና ይህ ደስ ይለኛል። «ዘንዶና መንፈስ የሕፃን ነገር ነው» የሚሏችሁን ብዙም አትስሟቸው። አብዛኞቹ አንድም አላነበቡ።

የእኔ ምክር ሌላ ነው። ስታነቡ አስማቱ የማይችለውን ነገር ተከታተሉ።

በእጄ ያለፉ ደካማ ረቂቆች አንድ የጋራ በሽታ አላቸው። ጀግናው ይከበባል፣ መውጫ ያጣል። ከዚያ እስከዚያች ደቂቃ ያልሰማነው ኃይል ከውስጡ ቦግ ይላል። በቃ፣ ዳነ። እንዲህ አንዴ የተሸወደ አንባቢ ከዚያ በኋላ ለማንም አይሰጋም። ምን አስጨነቀው? ደራሲው የሆነ ኃይል ያመጣላ!

ኡርሱላ ለጉዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመችው የኧርዝሲ ታሪክ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወጣቱ ጠንቋይ ለጉራ ብሎ የሙት መንፈስ ይጠራል። አንድ ክፉ ጥላም አብሮ ያመልጣል። ሊያድነው የደረሰው ታላቅ ሊቅ ሕይወቱን ይከፍላል። (ያላነበባችሁ ይቅርታ፤ ይህ ገና ከመጽሐፉ እኩሌታ በፊት ነው።) እዚያ ዓለም ውስጥ በነፃ የሚገኝ አስማት የለም። ለዚህ ነው ልጁ ኃይሉን ሊጠቀም ባሰበ ቁጥር እኛ የምንጨነቀው።

ተከታዩ ቅጽ ዘገየ ብላችሁ ደራሲውን የምትሰድቡም አላችሁ። እስቲ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣው የመጀመሪያው የ«ሆቢት» እትም፣ ጎለም የሚባል የዋሻ ፍጡር ከጀግናው ከቢልቦ ጋር በገጠመው የእንቆቅልሽ ውድድር ከተሸነፈ አስማተኛ ቀለበቱን በስጦታ ሊሰጠው ቃል ይገባል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቶልኪን ተከታዩን፣ «የቀለበቶቹ ጌታ»ን፣ መጻፍ ጀመረ። እየጻፈ ሲሄድ ቀለበቱ ሕግ አወጣ፦ የያዘውን ሰው ያስረዋል፣ በቀላሉ አያስለቅቅም። ታዲያ ጎለም እንዴት በፈቃዱ ሊሰጠው ይችላል? ስለዚህ ቶልኪን ታትሞ የተሸጠውን ምዕራፍ ቀየረው፤ የተስተካከለው እትም በ1951 ወጣ። የድሮውንስ? ቢልቦ ለወዳጆቹ የዋሸው ውሸት ነው ብሎ ራሱ ታሪኩ ውስጥ አስገባው። በአርታኢነቴ እንዲህ ዓይነት ብልሃት ሳይ ባርኔጣ ባይኖረኝም አነሳለሁ። «የቀለበቶቹ ጌታ» የመጀመሪያ ቅጽ ለኅትመት የበቃው በ1954 ነው። አንዳንዱ መዘግየት ስንፍና ሳይሆን እንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ሕጉን ማክበር ማለት ግን ሁሉም ደራሲ አንድ ሕግ ይከተል ማለት አይደለም። ቫምፓየር ፀሐይ ላይ በመውጣቱ ስትቆጡ ሰምቻለሁ። ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ያሳተመውን «ድራኩላ» ክፈቱ። ቫምፓየሩ ባላባት ድራኩላ ለንደን ውስጥ በቀን ይዘዋወራል። ቀን ኃይሉን ይቀንስበታል እንጂ አይገድለውም። በፀሐይ መሞትን ያመጣው በ1922 የወጣው ድምፅ አልባ ፊልም «ኖስፌራቱ» ነው። እናም ደራሲውን የምትጠይቁት የሌላውን ሕግ ሳይሆን ራሱ ያወጣውን ነው።

ከእናንተ መካከል ራሱ መጻፍ የጀመረም እንዳለ አውቃለሁ። ካርታውንና የነገሥታቱን የዘር ሐረግ ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ አስማታችሁ ምን እንደማይችልና ምን እንደሚያስከፍል በአንድ ገጽ ጻፉ። ጀግናችሁ ሲከበብ ያንን ገጽ አውጥታችሁ አንብቡት። አዲስ ኃይል መጨመር የግድ ከሆነባችሁ እዚያው አትጨምሩት፤ ወደ መጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ተመለሱና አንባቢው ሳይነቃ ጠቆም አድርጉት።