በእጅ አንጓ ላይ ትንሽ መስቀል ስለ መነቀስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ፣ መምህር። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ በመፈለግ ላይ እገኛለሁ። እስከ ዛሬ ተነቅሼ አላውቅም፤ አሁን ግን በግራ እጄ አንጓ፣ በውስጥ በኩል፣ አንድ ሴንቲ ሜትር የማትሞላ፣ በጣም ቀጭን መስመር ያላት መስቀል፣ ከሥሯም የክርስትና ስሜን በግእዝ ፊደል መነቀስ እፈልጋለሁ። እናቴ ኦሪት ይከለክላል ብላ ተቆጥታኛለች፤ የእርሷ እናት ግን በግንባራቸው ላይ መስቀል ተነቅሰው የኖሩ ሴት ነበሩ። የእኔም ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ሃይማኖቴን ለመመስከር ነው፤ ለሥራ ካስቸገረኝም ትንሽ ስለሆነች በሰዓት ማሰሪያ ትሸፈናለች። ኃጢአት ይሆንብኛል? ብነቀስስ መቁረብና ጠበል መጠመቅ እችላለሁ?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ ከመነቀስሽ በፊት መጠየቅሽ መልካም ነው፤ ስለ ንቅሳት የሚጠይቁን አብዛኞቹ ከተነቀሱ በኋላ እንዴት እንደሚያስጠፉት የሚጨነቁ ናቸውና። አስቀድሜ አሳቤን ልናገርና ምክንያቱን ላስከትል። ንቅሳት በራሱ ሰውን ከክርስቶስ የሚለይ ኃጢአት ነው ብዬ አልፈርድብሽም፤ ነገር ግን በጻፍሽልኝ ምክንያት ከሆነ እንዳትነቀሺ እመክርሻለሁ።

እናትሽ የጠቀሱት ቃል በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28 ላይ የሚገኘው ነው። ቃሉ ስለ ሞተ ሰው ብሎ ሥጋን መቅደድንና ገላን መነቀስን ባንድነት ይከለክላል። በእስራኤል ዙሪያ የነበሩ አሕዛብ ለሙታን ሲያለቅሱና ለጣዖቶቻቸው ሲሰግዱ ገላቸውን ይተለትሉ እንደ ነበር ከመጽሐፍ እንረዳለን፤ በኣል የተባለው ጣዖት ነቢያት በነቢዩ ኤልያስ ፊት ደማቸው እስኪፈስስ ድረስ ራሳቸውን በካራ የቆራረጡት በዚሁ ልማድ ነው (1 ነገሥት 18፥28)። ስለዚህ ትእዛዙ በመጀመሪያ የሚያየው ይህን የአሕዛብ አምልኮ ነው። ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር ደግሞ የጢምን ዳር መቍረጥን ስለሚከለክል፣ ቁጥር 28ን ብቻ ነጥሎ በወጣቶች ላይ የሚያነሣ ሰው ስለ ጢሙም መልስ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ይህን ስል ግን አንዳንዶች እንደሚያደርጉት "ያ ኦሪት ነው፣ አልፏል" ብለሽ እንድትዘጊው አልፈልግም። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው ቃል የሚገኘው በዚያው በምዕራፍ 19፣ በቁጥር 18 ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ወንድ ልጅን በስምንተኛው ቀን መግረዝን የመሰለ ሥርዓት ይዛ የኖረች በመሆኗ፣ ኦሪትን እንደ አሮጌ ልብስ ጥሎ መሄድ ለእኛ አይስማማንም። አፄ ገላውዴዎስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1555 የጻፉት የሃይማኖት ምስክርነት በዚህ ጉዳይ ላይ ከምንም በላይ ይረዳናል። የሮማ ካህናት "እናንተ አይሁዳውያን ናችሁ" ብለው ሲከሱ፣ ንጉሡ የሰጡት መልስ፣ እኛ የምንገረዘው እንደ አይሁድ ሕግ ለመጽደቅ ብለን ሳይሆን እንደ አገር ልማድ ነው፤ ይህም በኢትዮጵያና በኑባ ፊትን እንደ መበጣት፣ በሕንድም ጆሮን እንደ መብሳት ያለ ነው የሚል ነበር። እንግዲህ ገላን ምልክት ማድረግን ንጉሡ የት እንደ መደቡት አስተውዪ፦ ከልማድ ወገን ነው። ስለ ንቅሳትም እንደዚሁ የሚጸለይ ጸሎት የለም፣ የሚባርከው ካህንም የለም፤ አላደረግሽም ተብሎ የሚጎድልብሽ ጸጋም አይኖርም። የልማድ ነገር የሚመዘነው ደግሞ በልማድ ሚዛን ነው፤ ማለትም በጊዜው ምን ይናገር ነበር፣ ዛሬስ ምን ይናገራል፣ ማንንስ ያንጻል፣ ማንንስ ያሰናክላል እየተባለ ነው።

የአያትሽን ንቅሳት በዚህ ሚዛን እንየው። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በትግራይ በግንባር ላይ መስቀል፣ በአንገት ዙሪያም እንደ ድሪ የተደረደረ መስመር የተነቀሱ እናቶችን ዛሬም በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር እናያቸዋለን። ከድስት ቂጥ የተጠረገ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ተለውሶ በመርፌ ወይም በእሾህ እየተወጋ ይገባል፤ ነቃሿ የሠፈር ሴት ናት፣ ተነቃሿም ብዙ ጊዜ ልጅ ናት። አባቶች ይህ ልማድ ክርስቲያን በሚማረክበትና ሃይማኖቱን በግድ በሚለውጥበት ዘመን ማንነቱ እንዳይጠፋ ተብሎ የመጣ ነው ብለው ይተርካሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ለውበት ብቻ የተነቀሱትም ብዙ ናቸው፤ ድዳቸውን ያስጠቆሩት ጥርሳቸው ነጥቶ እንዲታይ እንጂ ለምስክርነት አልነበረም። ፈቃዳቸውን ማንም ሳይጠይቃቸው በልጅነታቸው ተነቅሰው፣ ከተማ ከገቡ በኋላ በሌዘር ለማስጠፋት ገንዘብ የሚያጠራቅሙ እኅቶችም አሉ። ስለዚህ የአያትሽ ንቅሳት አንቺን የሚከለክልም የሚያዝዝም ሕግ አይደለም። አንድ ነገር ግን ያስተምረናል፤ ግንባር በሰዓት ማሰሪያ አይሸፈንም።

የጥያቄሽ ዋና ነገር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። በአንድ በኩል ንቅሳቱ ምስክርነት እንደሆነ ጽፈሻል፤ በሌላ በኩል ለቀጣሪ እንዳይታይ መሸፈን እንደሚቻል ጽፈሻል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። የግብፅ ክርስቲያኖች በቀኝ እጃቸው አንጓ በውስጥ በኩል ትንሽ መስቀል ይነቀሳሉ፤ ብዙዎቹ ገና በሕፃንነታቸው ነው። መስቀሏ ያንቺን ያህል ታንሳለች፤ ቦታዋም ያው ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን በዚያ አገር ያቺ መስቀል በሥራ ቦታ፣ በትምህርት ቤት፣ በመንገድ ላይ ዋጋ ታስከፍላለች፤ ቤተ ክርስቲያን ላይ አደጋ በሚፈራበት ጊዜም በር ላይ የቆመው ጠባቂ እርሷን አይቶ ሰውን ያስገባል። ኢየሩሳሌምን የተሳለሙ ምእመናንም ለመታሰቢያ መስቀል ተነቅሰው የሚመለሱበት ልማድ ብዙ መቶ ዓመታት ያስቆጠረ ነው፤ በአሮጌው ከተማ የሚኖር ከግብፅ የመጣ አንድ ቤተሰብ በእንጨት የተቀረጹ ማኅተሞችን እያሳተመ ይህን ሥራ ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርስ ኖሯል። እነዚህን ወገኖች ተሳስታችኋል የሚል አፍ የለኝም። ምልክቱ ክብር ያገኘው ግን ከቀለሙ ሳይሆን ሊደበቅ ካለመቻሉና ከተከፈለበት ዋጋ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ የኢየሱስን ማኅተም በሥጋዬ ተሸክሜአለሁ ሲል (ገላትያ 6፥17) የሚናገረው ስለ ወንጌል ስለ ተቀበለው የግርፋትና የድንጋይ ጠባሳ ነው፤ ይህን ጥቅስ ለንቅሳት ማስረጃ የሚያደርጉ ሰዎች ያለ ቦታው ነው የሚጠቅሱት።

አንቺ ደግሞ ምስክርነቱን ያለ ንቅሳት ይዘሽዋል። በሰማንያ ቀንሽ ስትጠመቂ ካህኑ ከግንባርሽ እስከ እግርሽ በ36 የሰውነት ክፍሎችሽ ላይ በቅብዐ ሜሮን አትሞሻል፤ በአንገትሽም ማተብ አስሮልሻል። ያ ማኅተም አይደበዝዝም፤ መርፌም የሚጨምርበት ነገር የለም። በዐረብ አገራት በሰው ቤት እየሠሩ "ማተብሽን በጥሺ" ሲባሉ እንቢ ያሉ እኅቶቻችን እንዳሉ እንሰማለን፤ በቀላሉ ሊበጠስ የሚችለውን ክር ሳይበጥሱ መኖራቸው ለእኔ ሊፋቅ ከማይችል ቀለም የበለጠ ይመሰክራል፤ በየማለዳው አዲስ ውሳኔ ይጠይቃልና። ማተብሽ ከሸሚዝሽ ውስጥ የተደበቀ ከሆነ፣ መጀመሪያ እርሱን አውጪው፤ ስድስት ወርም እንዲሁ ተመላለሺበት። ከዚያ በኋላ የንቅሳቱ ፍላጎት ካልተለወጠ ምን እንደሆነ ራስሽ ትለይዋለሽ።

"እውነቱን ልናገር፣ ቆንጆ ስለሆነ ነው የምፈልገው" ብትዪኝ ግን በዚህ አልቆጣሽም። ጸጉር መሠራት፣ እንሶስላ መሞቅ፣ ጆሮ መበሳት በእኛም ዘንድ የኖሩ ጌጦች ናቸው። በዚያ ጊዜ ጥያቄው ይህ ሥጋ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው (1 ቆሮንቶስ 6፥19) ከሚለው ቃል ይነሣል፤ ቤቱን የሚያስጌጥ ሰው ቤቱን እንዳይጎዳ ማሰብ ይገባዋል። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ጌጡ መስቀል ባይሆን እመርጣለሁ። መስቀል የምንሳለመው ነው፤ ዘንድሮ በፋሽን ገብቶ ከርሞ በፋሽን ከሚወጣ ነገር ጋር እንዲቆጠር አንፈቅድም።

ከጤና በኩል ባለሙያ ባልሆንም ከሐኪሞች የሰማሁትን መናገር ይገባኛል። እንደ እኛ ጠይም ቆዳ ያላቸው ሰዎች ቁስላቸው ሲድን አብጦ የሚቀር ጠባሳ፣ ኬሎይድ የሚባለው፣ በብዛት ይወጣባቸዋል፤ ጆሮሽን ስትበሺ ወይም ክትባት ስትወጊ እንዲህ ያለ እብጠት ቀርቶብሽ ከሆነ፣ ወይም በወንድም በእኅትሽ ላይ አይተሽው ከሆነ፣ ነገሩን እዚያው ላይ ተዪው። አንድ መርፌ ለሁለት ሰው ከዋለ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤችአይቪም ሊተላለፍ ስለሚችል፣ መርፌው ከታሸገበት ሲወጣ በዐይንሽ ማየት፣ ቀለሙም ለአንቺ ብቻ በተለየ ትንሽ ዕቃ ሲቀዳ ማረጋገጥ ግዴታሽ ነው። ከተነቀስሽ በኋላ በብዙ አገር ለወራት ደም መለገስ አይፈቀድም፤ ደም የመለገስ ልማድ ካለሽ ይህንም አስቢበት። በሌዘር ማስጠፋት ይቻላል ብለሽ አትጽናኚ፤ ተደጋጋሚ ቀጠሮና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፣ በጠይም ቆዳ ላይም ነጣ ያለ ምልክት ትቶ ሊሄድ ይችላል።

ቀጭን መስመር የመረጥሽው እንዳይጎላ ብለሽ ይሆናል፤ ነገር ግን ቀጭኑ ከወፍራሙ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀለሙ በላይኛው ቆዳ ላይ ብቻ ከቀረ ቆዳው ሲታደስ አብሮ ይራገፋል፤ ከሚገባው በላይ ከጠለቀ ደግሞ ይፈስሳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። አንጓ ደግሞ ሁልጊዜ የሚታጠፍ፣ የሚታጠብ፣ የሚፈተግ ቦታ ስለሆነ፣ ልትሸፍኚበት ያሰብሽው የሰዓት ማሰሪያ ራሱ ቁስሉን ይልጠዋል። የክርስትና ስምሽን በተመለከተ የግእዝ ፊደል ልዩነቱ ያለው ከጎኑና ከእግሩ በምትጨመር ቅንጣት ላይ ነው፤ "ለ" ወደ "ሉ" ወይም ወደ "ሊ" የሚለወጠው በእርሷ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር በማትሞላ ፊደል ላይ ያቺ ቅንጣት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከፊደሉ ጋር ተዋሕዳ ስትጠፋ፣ ወለተ ማርያም ተብሎ የተጻፈው ምን እንደሚል የሚያነብብ አይገኝም። በዚያ ላይ የክርስትና ስም ስትቆርቢና ጸሎት ሲደረስልሽ የምትጠሪበት ስለሆነ፣ ለአላፊ አግዳሚው ማስነበቡ አስፈላጊ አይመስለኝም። መተት ይሠሩብኛል ከሚል ፍርሃት ስሙን የሚደብቁትን ሰዎች ግን አልደግፍም፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ ስመጣ፣ ተነቅሶ የቆየ ሰው በንቅሳቱ ምክንያት ከቅዱስ ቁርባን አይከለከልም። አያቶቻችን በግንባራቸው ንቅሳት ይዘው ሲቆርቡ፣ ሲጾሙና ሲሳለሙ ኖረዋል፤ "ቀለም ስላለብሽ አትቁረቢ" የሚልሽ ሰው ካለ ይህን አስታውሺው። ይሁን እንጂ ቁስሉ ትኩስ ሆኖ ደም ወይም ፈሳሽ እያወጣ ሳለ መቁረብ ስለማይገባ እስኪደርቅ መታገሥ ያስፈልጋል። ጠበልም እንደዚሁ ነው፤ አዲስ ንቅሳት ላይ ላዩን እስኪድን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ስለሚወስድ፣ በዚያ መካከል ብዙ ሰው በሚጠመቅበት ገንዳ መነከር ለአንቺም ለሌላውም ጥሩ አይደለም። ጠበል ቦታ ለመሄድ ወይም ለጥምቀት በዓል የተሳልሽ ከሆነ ስእለትሽን አስቀድሚ።

ለእናትሽ ደግሞ "መምህሩ ኦሪት አይከለክልም አሉ" ብለሽ ይህን ጽሑፍ እንዳታሳዪያቸው፤ እንዲህ አላልኩም። ሐዋርያው ወንድሜን የሚያሰናክለው ከሆነ ሥጋ ለዘላለም አልበላም ያለው (1 ቆሮንቶስ 8፥13) ስለ ተፈቀደ ነገር ነበር፤ እናት ደግሞ ከወንድም ይልቅ ቅርብ ናት። ይህን ሁሉ ካሰብሽ በኋላም ፍላጎቱ ከጸናብሽ፣ ቀጠሮ ከመያዝሽ በፊት ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። እርሳቸው ከእኔ የተለየ ምክር ከሰጡሽ የእርሳቸውን ያዢ፤ ኑሮሽንና ቤተሰብሽን በቅርብ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው።